የምግብና የመስተንግዶ መጽሐፍ ልንገዛ ነው፤ ከየትኛው እንጀምር?

አዲስ ጀማሪ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ? ከታላቅ እህቴ ጋር አነስ ያለች ምግብ ቤት ልንከፍት ሽር ጉድ እያልን ነው። እሷ ኪችኑን ትይዛለች፣ እኔ እንግዳ መቀበሉን። እህቴ እጇ ይጣፍጣል። እህቴ ስለሆነች አይደለም፤ የቀመሰ ሁሉ ይመሰክራል። ግን የምታውቀውን ሁሉ የተማረችው በማየት ነው። አሁን ምክንያቱን ማወቅ ፈልጋለች። ነገ ሰው ቀጥራ ስታሠለጥን «እንዲህ አድርጊ» ብቻ ሳይሆን «እንዲህ የምታደርጊው ለዚህ ነው» ማለት ትፈልጋለች።

መጽሐፍ መደብር ገባን፤ ምርጫው በዛብን። አንዱ ሙሉው ፎቶ ነው። ሌላው እንደ ኬሚስትሪ መማሪያ ወፍራም ነው። አንዳንዱ የሼፍ የሕይወት ታሪክ ነው። በጀታችን ደግሞ ከሦስት መጽሐፍ አያልፍም።

እስቲ ምከሩን። ለእሷ የቱን እንግዛ? ለእኔስ? እንግዳ መቀበል ከመጽሐፍ የሚገኝ ነገር ነው ወይስ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ? እንግሊዝኛ እናነባለን፤ በጣም ካልከበደ ችግር የለም።

ፈጣን እጅ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔ ብሆን ገንዘቡን ለዕቃ አውለው ነበር። ስለ ምግብ ማብሰል የማይገኝ ነገር ዩቲዩብ ላይ የለም። ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ እያየሽ ነው የምትማሪው። ሊጥ ስንት ጊዜ መታሸት እንዳለበት በጽሑፍ ከማንበብ አንዴ ማየት ይሻላል። ስለ መስተንግዶው ግን የሚያውቁ ይንገሩሽ።

የኪችን ሰው

ልጆቼ፣ ሥራው ይቅናችሁ። እኔ ሆቴል ኪችን ውስጥ ነው ያረጀሁት፤ አሁን ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስ አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ ስለ ቪዲዮው። ቢላ አያያዝና ሊጥ ማሸት ከቪዲዮ የተሻለ መምህር የላቸውም። እዚህ ላይ ፈጣን እጅ ልክ ነው። ግን ቪዲዮ ይቆረጣል። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ፤ ወዲያው ወርቃማ ሆኖ ይመጣል። መሃሉ የለም። ትምህርቱ ያለው ደግሞ መሃሉ ላይ ነው። ጥሩ መጽሐፍ መሃሉን አይዘልም።

መደብር ስትሄዱ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ያማራችሁን መጽሐፍ አንሡና ሽንኩርት የሚቁላላበትን ገጽ ፈልጉ። «ወርቃማ ቡናማ እስኪሆን 5 ደቂቃ አቁላላ» የሚል ከሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት። የጻፈው ሰው ሰዓት አልያዘም፤ ወይም ድስቱ አጠገብ አልቆመም። እዚህ ያልታመነ ሌላ ገጽ ላይም አይታመንም።

ለምን 5 ደቂቃ እንደማይበቃው ላስረዳ። ሽንኩርት ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ድስቱ ውስጥ ያ ውሃ እስካለ ድረስ የሽንኩርቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ቡናማ ቀለምና ያ የምንወደው ጣፋጭ ሽታ የሚመጡት ግን ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ ይወጣል፣ ቀለሙ በኋላ ይመጣል።

አጠገቡ ቁሙና ተመልከቱት። ሲገባ ነጭ ነው፣ ይንጫጫል። ጥቂት ቆይቶ ይለሰልስና እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። ያን ጊዜ እንፋሎቱ ብዙ ነው። ቀጥሎ እንፋሎቱ ይሳሳል። ድምፁም ይለወጣል፤ ጫጫታው ቀንሶ ቀጭን ፉጨት ይሆናል። ጆሮ ያለው አብሳይ ጀርባውን ሰጥቶ እንኳ ይህን ይሰማል። ከዚያ ጠርዝ ጠርዙ ቀለም ይይዛል፤ የድስቱ ወለል ላይም ቡናማ ነገር ይጣበቃል። አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጎ ወለሉን ፈግፈግ ማድረግ ነው፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ በመካከለኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሽንኩርቱ ብዙ ከሆነ 45 ደቂቃም ይሄዳል።

ጥሩ መጽሐፍ ማለት ይህንን የሚነግራችሁ ነው። ደቂቃውን ይጽፋል፣ ግን ምልክቱንም ይጽፋል፦ ምን ይታያል፣ ምን ይሸታል፣ ምን ይሰማል። ደቂቃው የጸሐፊው ምድጃ ነው። ምልክቱ ግን የትም ምድጃ ላይ ያው ነው።

አሁን ወደ መጽሐፎቹ። ለእህትሽ የሳሚን ኖስራትን «ሶልት ፋት አሲድ ሂት» ግዙላት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ነገሩን ሁሉ አራት ላይ ይሰበስበዋል፦ ጨው፣ ቅባት፣ ኮምጣጣ ነገር፣ ሙቀት። ምግቡ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ሲባል ከአራቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ሰው ጨው ይጨምራል፤ የጎደለው ኮምጣጣው ሆኖ ሳለ። በፎቶ ፈንታ በእጅ የተሣሉ ሥዕሎች ናቸው ያሉት፤ ይህንን እኔ ወድጄዋለሁ። ሰው የሳህኑን መልክ ለመቅዳት ከመሯሯጥ ይድናል።

ያ እንደ ኬሚስትሪ ወፍራም ያልሽው ምናልባት የሃሮልድ ማጊ «ኦን ፉድ ኤንድ ኩኪንግ» ይሆናል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ በ2004 በደንብ ታድሶ እንደገና ታተመ። አትፍሩት። ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ አይደለም። ጥያቄ ሲመጣ የሚከፈት ነው፦ እንቁላል ለምን ይረጋል? ሾርባው ለምን ተቋጠረ? እህትሽ ለምን እያለች የምትጠይቅ ሰው ከሆነች ይህ መጽሐፍ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለግላታል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ሥጋ መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ሲጠበስ ጭማቂው ውስጡ ይታሸጋል» ሲባል ሰምታችኋል። ሊቢግ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ19ኛው መቶ ዓመት ያስፋፋው ሐሳብ ነው። ትልልቅ ሼፎችም ሲደግሙት ኖረዋል። ማጊ ግን መጥበሻው ላይ ያለውን ድምፅ እንድናስተውል ያደርገናል። ያ ችስስ የሚል ድምፅ ከሥጋው የወጣው ውሃ ሲተን ነው። ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር። ታዲያ ለምን በኃይለኛ እሳት እንጠብሳለን? ለጣዕሙ። ቡናማው ገጽ የሚፈጠረው ፕሮቲንና ስኳር በከፍተኛ ሙቀት ሲገናኙ ነው፤ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1912 የገለጸው ነገር ነው። ይህን ያወቀ አብሳይ ሥጋውን መጀመሪያ በጨርቅ ያደርቀዋል፤ እርጥብ ገጽ እንደማይቀላ ያውቃላ! መጥበሻውንም አያጨናንቅም። ምክንያቱን ማወቅ እጅን ይለውጣል ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ስለ ፎቶ መጽሐፍ እውነቱን ልናገር። ያምራሉ፤ ለምግብ ፍላጎትም ጥሩ ናቸው። ለምግብ ቤት መክፈቻ ግን መጀመሪያ የሚገዙ አይደሉም።

ትሪ ይዤ

ጋሼ የኪችን ሰው፣ እጅዎ ይባረክ። ስለ ሽንኩርቱ የጻፉትን ለኪችናችን ልጆች አነበብኩላቸው።

አዲስ ጀማሪ፣ እኔ የአስተናጋጆች ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ ስለዚህ ያንቺን ድርሻ ልመልስ። እንግዳ መቀበል ይለመዳል። ፈገግታ አብሮ ይወለድ ይሆናል፤ ማስተዋል ግን ልምድ ነው። የዳኒ ሜየር «ሴቲንግ ዘ ቴብል» ከዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው፤ ሰውዬው በ1985 ኒውዮርክ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቶ ነው የተነሣው። እሱ አገልግሎትንና መስተንግዶን ይለያቸዋል። ትእዛዝ በትክክል መቀበል፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ማድረስ፣ ሂሳቡን አለማሳሳት፣ እነዚህ አገልግሎት ናቸው። እንግዳው ያ ሁሉ ሲደረግለት ምን ተሰማው? መስተንግዶው እሱ ነው። ሁሉን በትክክል አድርጎ ሰውን አኩርፎ መሸኘት ይቻላል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አስተናጋጁ ምንም አላጠፋም፤ ግን አንዴም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ሁለተኛው የዊል ጊዳራ «አንሪዝነብል ሆስፒታሊቲ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ። እሱ የመራው ምግብ ቤት በ2017 በዓለም ምርጥ 50 ዝርዝር ላይ 1ኛ ወጥቷል። ከመጽሐፉ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ከአውሮፓ የመጡ እንግዶች ኒውዮርክን ሊሰናበቱ የመጨረሻ ምሳቸውን እየበሉ፣ «ሁሉንም ቀመስን፣ የመንገድ ሆት ዶግ ብቻ ቀረብን» ሲባባሉ ጊዳራ ሳህን እያነሣ ሰማ። ወጥቶ ከጋሪ ላይ ገዛና ሼፉን አሳምኖ ቆራርጦ አቀረበላቸው። እነዚያ ሰዎች በዓለም ካሉት ውድ ምግቦች መሃል እጅግ የተደሰቱት በዚያች ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ ትልቅ ገንዘብ ያስፈልጋል ይላል። ሆት ዶጉ እኮ ርካሽ ነው! የሠራው ጆሮው ነው። ሳህን ስታነሺ የምትሰሚው ነገር አለ፤ እሱን የምትጽፊበት ትንሽ ደብተር ኪስሽ ይግባ። የማን ልጅ እንቁላል አይስማማውም፣ ማን ጥግ መቀመጥ ይወዳል፣ ማን ትናንት ፈተና ላይ ነኝ ብሎ ነበር። እኔ ቡድኔን የማሠለጥነው በዚህ ነው፤ ሥራውን የሚለውጠውም ይኸው ነው።

ደግሞ ጊዳራ በጀት ላይ ጥብቅ ነው። ከወጪው 95 በመቶውን እያንዳንዷን ሳንቲም ተቆጣጠር፣ 5 በመቶውን ግን ለእንግዳ ደስታ ሳትሰስት አውጣ ይላል። ለትንሽ ምግብ ቤት ይህ ሐሳብ ከሁሉ ይበልጣል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ካለብሽ ግን ሜየርን ግዢ። ገና ሰው ለምትቀጥሩ ሰዎች እሱ ይቀርባል፤ ምን ዓይነት ሰው መቅጠር እንዳለባችሁ ብዙ ይናገራል።

መደርደሪያ

እኔ ደግሞ አሮጌ የምግብ መጻሕፍት የማነብ ሰው ነኝ። ለመግዛት ሳይሆን ለማወቅ ያህል አንድ ነገር ልጨምር።

ጋሼ ስለ ደቂቃና ስለ ምልክት ያነሡት ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ የምግብ ጽሑፎች መጠንም ደቂቃም አልነበራቸውም። 3,700 ዓመት ገደማ የሆናቸው የባቢሎን የሸክላ ጽላቶች አሉ፤ ዛሬ አሜሪካ ባለው በዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የሚገኙት። ይህን ጨምር፣ ያንን ጨምር ይላሉ እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገሩም። የተጻፉት ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ነበር። የማያውቅ ሰው ማንበብ ሲጀምር ነው መጠን ያስፈለገው። ኤላይዛ አክተን የምትባል እንግሊዛዊት ገጣሚ በ1845 ባሳተመችው መጽሐፍ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ከነመጠናቸው ለብቻ ዘረዘረች። በ1896 አሜሪካ ውስጥ ፋኒ ፋርመር ኩባያና ማንኪያ በቢላ ጠርዝ ተስተካክሎ ይለካ አለች። ዛሬ «አንድ ኩባያ» ስንል ያንን የተስተካከለ ኩባያ ማለታችን ነው።

ሌላው ደስ የሚለኝ የጣሊያኑ የፔሌግሪኖ አርቱሲ ነገር ነው። ሼፍ አልነበረም፤ የሐር ነጋዴ ነበር። መጽሐፉን የሚያትምለት ሲያጣ በ1891 በራሱ ገንዘብ አሳተመው። መጀመሪያ 475 አዘገጃጀቶች ነበሩት። አንባቢዎች ደብዳቤ እየጻፉ፣ ከየቤታቸው እየላኩ፣ እያረሙት፣ በ14ኛው እትም 790 ደረሰ። እህትሽም የራሷን ደብተር ብትጀምርና የምታበስልላቸው ሰዎች የሚሏትን ብትጽፍበት ከየትኛውም የሚገዛ መጽሐፍ አያንስም።

ስለ እንግዳ ደግሞ፣ ብሪያ ሳቫረን የተባለው ፈረንሳዊ ዳኛ በ1825 መገባደጃ ላይ ባወጣው መጽሐፍ ሰውን ቤትህ ጋብዘህ ከሆነ እስኪሄድ ድረስ የደስታው ኃላፊ አንተ ነህ ይላል። መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ሞተ።

አዲስ ጀማሪ

እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም አንብባለች። የሽንኩርቱን ስታነብ «ይሄ ሰውዬ ያውቃል» አለች።

ጋሼ፣ እሷ ሁለት ነገር ትጠይቅዎታለች። አንደኛ፣ የውጭ መጽሐፍ ላይ ያለው ኩባያና ዲግሪ ግራ ያጋባታል። ሁለተኛ፣ ለ4 ሰው የተጻፈውን ለ40 ሰው ስታደርገው በ10 ማባዛት ብቻ ነው?

የኪችን ሰው

እህትሽን ሰላም በይልኝ። ጥያቄዎቿ የባለሙያ ጥያቄዎች ናቸው።

ኩባያውን ትተወው። ዲጂታል ሚዛን ግዙ፤ ከሦስተኛው መጽሐፍ በፊት ግዙት። አንድ ኩባያ ዱቄት ተነፍቶ በቀስታ ሲሞላ 120 ግራም ገደማ ነው፤ ከከረጢቱ ተጭኖ ሲዛቅ 150 አልፎ ይሄዳል። ያው ኩባያ ነው። ዳቦው አንድ ቀን ለስላሳ፣ አንድ ቀን ድንጋይ የሚሆነው በዚህ ነው። የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሌላ አገር 250 ነው። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን የሌላው 15 ነው። ጨውማ ይብሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 18 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቅርፊት ቅርፊት የሚለው ሻካራ ጨው ግማሹን ብቻ የሚመዝንበት ጊዜ አለ። መጽሐፉ የትኛውን እንደሚል መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ይጻፋል። ሰው ያንን መግቢያ ይዘለዋል። አትዝለሉት።

ዲግሪው ቀላል ነው። 350 ፋራናይት ማለት 180 ሴልሺየስ ገደማ ነው። ኦቨኑ ማራገቢያ ካለው 20 ዲግሪ ቀንሱለት። ከፍታ ያለው ቦታ ላይ የሚያበስል ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያስብ። ከባሕር ወለል በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ጥራጥሬ መጽሐፉ ካለው በላይ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወይም ፕሬዠር ኩከር።

ወደ 40 ሰው ስንመጣ፣ አይ፣ በ10 ማባዛት ብቻ አይደለም። ዋናዎቹ ነገሮች ይባዛሉ። ውሃው ግን አይባዛም። ትልቅ ድስት ከይዘቱ አንጻር አፉ ጠባብ ስለሆነ የሚተነው ያንሳል፤ ውሃውን በ10 ካባዛችሁ ወጡ ይቀጥናል። ጨውና ኃይለኛ ቅመም ከሚባዛው ሁለት ሦስተኛውን አስገቡ፤ የቀረውን እየቀመሳችሁ ጨምሩ። ሽንኩርቱንም በአንድ ድስት አትከምሩት፤ ከታች ያለው በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ሰፊ ድስት ውሰዱ፣ ወይም በሁለት ዙር አድርጉት።

ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ የዌይን ጊስለን «ፕሮፌሽናል ኩኪንግ» ነው። ከ1983 ጀምሮ እየታደሰ የሚታተም የማሠልጠኛ መጽሐፍ ነው። ስንት ሰው እንደሚያበላ፣ የአንድ ሰው ድርሻ ስንት ግራም እንደሆነ ይጽፋል። ዋጋ ስትተምኑ የሚጠቅማችሁ ይህ ነው፤ የአንድ ሳህን ግራም ካልታወቀ ትርፍና ኪሳራው አይታወቅም። አዲሱ እትም ውድ ነው። አሮጌ እትም ብታገኙ ውሰዱት፤ መሠረቱ ያው ነው።

በጀታችሁ ለሦስት ከሆነ እንግዲህ ኖስራት፣ ጊስለን፣ ሜየር። ማጊን ከሰው ተዋሱ፤ ሥራው ሲቆም ትገዙታላችሁ።

ፈጣን እጅ

ጋሼ፣ ስለ ቪዲዮው መቆረጥ ያሉት እውነት ነው። ዛሬ ማታ ሰዓት ይዤ ሽንኩርት አቁላላለሁ።

አዲስ ጀማሪ

ጋሼ፣ እህቴ «እሺ» ብላለች፤ ሚዛኑን ነገ እንገዛለን። ትሪ ይዤ፣ አንድ ጥያቄ ላንተ፦ ሜየርን እስካገኘው ድረስ፣ የተበላሸ ምግብ እንግዳ ፊት ቢቀርብ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ትሪ ይዤ

ሳህኑን አንሺ። ምክንያት አትደርድሪ፤ ኪችኑንም አታሳብቢ። «ይቅርታ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» በይና በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ እውነተኛውን ንገሪያቸው። እስኪደርስ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጫቸው፤ የሚቀመስ ትንሽ ነገር አቅርቢ። አዲሱን ሳህን ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ሌላ ሰው አትላኪ። ሁለት ሦስት ጉርሻ ከበሉ በኋላ ደግሞ ተመልሰሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ይረሳታል።